ሐውልቱን ማን መረጠልን?

መጽሐፍ የማይወድ ሰው መጽሐፉን አይከፍትም። ፊልሙ የሰለቸው ከአዳራሹ ይወጣል። ዘፈኑ ያልጣመው ስልኩ ላይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አደባባይ ላይ የቆመ ሐውልት ግን መዝጊያ የለውም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ አለ። ከሥራ ደክሟችሁ ስትመለሱ አለ። ነገ ልጅ ወልዳችሁ፣ ልጁ በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላችሁም እዚያው አለ። ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ሕይወታችን ውስጥ የሚገባው ይሄኛው ነው።

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምኖረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ስለ ቅርጻ ቅርጽ ለመፍረድ ማን ነኝ? ብቻ ጥያቄው ለሙያዬ ሩቅ አይደለም። አንድ የክፍያ አፕ ላይ «ላክ» የሚለው አዝራር የት እንደሚቀመጥ አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ሰው፣ ማን እንደወሰነው ሳያውቅ፣ በየቀኑ በጣቱ ይኖርበታል። ሰው ያልመረጠውን ነገር ሠርቶ ሰው መሀል ማስቀመጥ ምን ዓይነት ኃላፊነት ነው? አዝራሩ እንኳ በሚቀጥለው አፕዴት ይቀየራል። ነሐስና ድንጋይ ግን አፕዴት የላቸውም።

እና ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከሥሩ እንጠይቅ። በጋራ ቦታ፣ በጋራ ገንዘብ፣ ሁሉም የማይወደውን ነገር የማቆም መብት ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ አንዳንድ ከተሞች የሰጡት መልስ አለ፤ የከተማ ኪነ ጥበብ ኮሚሽን ይባላል። መልሱ ፍጹም አይደለም። ግን የተሳካበትም የተሰናከለበትም ቦታ ስለሚያስተምር፣ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ፣ ከተማው ከሚያስገነባው ነገር ወጪ ላይ እስከ 1 በመቶ ለኪነ ጥበብ እንዲመደብ ደንብ አወጣች። ሳን ፍራንሲስኮ በ1969 2 በመቶ አደረገችው። ሲያትል በ1973 በ1 በመቶ ተከተለች። ሒሳቡን ወደ ብር ብናመጣው፣ 500 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ጤና ጣቢያ ቢሠራ፣ በ2 በመቶው ስሌት 10 ሚሊዮኑ ለሥዕል፣ ለሞዛይክ ወይም ለሐውልት ይውላል ማለት ነው። ባለሥልጣን ኪነ ጥበብን ስለወደደ ወይም ስለጠላ የሚጨምር የሚቀንስ ነገር የለም። ቀመሩ ሕንፃው ውስጥ አብሮ ተገንብቷል።

ገንዘቡን ማን ያስተዳድራል? የሳን ፍራንሲስኮ ኪነ ጥበብ ኮሚሽን ከ1932 ጀምሮ አለ። ከንቲባው የሚሾማቸው 15 አባላት አሉት። አብዛኞቹ ሠዓሊ፣ አርክቴክት፣ ሙዚቀኛ፣ ጸሐፊ የሆኑ ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ሥራ ሲታሰብ ጥሪ ይወጣል። አርቲስቶች ይወዳደራሉ፣ ባለሙያና የሰፈር ሰው የተቀላቀለበት ፓነል ይመርጣል፣ ኮሚሽኑ በስብሰባ ያጸድቃል። ስብሰባው ክፍት ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ መለጠፍ አለበት፤ የፈለገ ሰው መጥቶ ማይክ ይዞ ይናገራል። ሥራውም ሐውልት ማቆም ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ ያሉ የባህል ማዕከላትን ይደግፋል፣ ለአርቲስቶች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን መንገድ ላይ ለሚሸጡ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ይገርመኛል፤ ሐውልት የሚያጸድቀው ቢሮ ለጉልት ነጋዴውም ወረቀት ይጽፋል።

እሺ፣ የመጀመሪያው ተቃውሞ ወዲያው ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሆኖ ሐውልት? ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ ታጭቆ ሞዛይክ?

ይሄን ጥያቄ «ኪነ ጥበብ የነፍስ ምግብ ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ግን ለተጠማ ሰው የሚመለስ መልስ አይደለም። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርበት። አንደኛ፣ ባዶ ግድግዳ የሚባል ነገር ከተማ ውስጥ የለም። ሥዕል ያልተሳለበት ግድግዳ የባንክ ማስታወቂያ ይሰቀልበታል። ዓይናችን የሚውልበትን ነገር አንድ ሰው ይወስናል፤ እኛ ስላልወሰንን አልተወሰነም ማለት አይደለም። በእኛ ቋንቋ ዲፎልት የሚባለው ይሄ ነው። ዲፎልቱን ማንም አልመረጠውም የሚል ሰው ካለ፣ ዲፎልቱን ያስቀመጠውን ሰው አላየውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ለእኔ ይከብዳል። ባለ ትልቅ ሳሎን ሰው ሥዕል ገዝቶ ይሰቅላል፣ አትክልት ይተክላል፣ ከከተማው የሚያመልጥበት ግቢ አለው። ከአምስት ቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር ልጅ ግን ሳሎኑ መንገዱ ነው። የሚያጠናው መንገድ መብራት ሥር ነው፣ ጓደኛውን የሚያገኘው አደባባይ ላይ ነው፣ ፍቅረኛውን የሚቀጥረው ሐውልት ሥር ነው። የጋራው ቦታ ባማረ ቁጥር አብዝቶ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ባስጠላ ቁጥር አብዝቶ የሚጎዳውም እሱ። እንግዲህ የሕዝብ ኪነ ጥበብን የቅንጦት ዕቃ የምንለው ከማን ቤት ቆመን ነው?

ይሄ ክርክር ግን ሸክም ይዞ ይመጣል። ለዚያ ልጅ ነው የምንሠራው ካልን፣ ልጁ ቃል ሊኖረው ይገባል። ሳሎኑ ነዋ! በስሙ ገንዘብ አውጥቶ ስለ ሳሎኑ ሳይጠይቁት መወሰን ስጦታ አይባልም። ስለዚህ የገንዘቡ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የወሳኙ ጥያቄ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ሕዝቡ አይመርጥም? ቴሌግራም ላይ ፖል ከፍቶ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይቁም። በዘመናችን ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ቺካጎን እንይ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967 መሀል ከተማ ላይ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የብረት ቅርጽ ተመረቀ። የፒካሶ ሥራ ነው። ክፍያ ቢቀርብለትም አልቀበልም ብሎ ለከተማው ሰጠው። ስም አላወጣለትም፣ ምን እንደሆነም አልተናገረም። ሰው ተናደደ። ወፍ ነው? ውሻ ነው? ሴት ናት? አንድ የምክር ቤት አባል ይነቀልና በምትኩ የታወቀው የቤዝቦል ተጫዋች የኧርኒ ባንክስ ሐውልት ይቁም የሚል ሐሳብ እስከ ማቅረብ ደረሰ። በዚያ ሳምንት ፖል ቢከፈት ኖሮ ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ዛሬ ያ ብረት የከተማዋ መለያ ነው፤ ሕፃናት ተዳፋቱ ላይ ይንሸራተቱበታል። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ቺካጎም የራሷን የመቶኛ ደንብ አወጣች።

እኛም ምሳሌ አለን። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አስቡት። የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ የቆመው በ1948 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት ነው። ፀጉሩ፣ ደረቱ፣ እግሩ ሁሉ በቀጥታ መስመር የተቆረጠ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የምናውቀውን አንበሳ አይመስልም። በዚያን ጊዜ «አንበሳ ሣሉ» ተብሎ ሕዝብ ቢጠየቅ እንዲህ ያለ የሚወጣ አይመስለኝም። ዛሬ ግን «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ማለት አድራሻ ነው። ድምፅ የሚሰጠው የዛሬ ሰው ነው፤ ሐውልቱ ሥር የሚቀጣጠረው ገና ያልተወለደ ሰው ነው። የፖል ችግር ይሄ ነው፤ ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ ድምፅ አልሰጡም።

እንግዲያው ባለሙያ ይወስን? እዚህ ደግሞ የኒው ዮርኩ ታሪክ አለ። የከተማ ኮሚሽን ሳይሆን የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያሠራው ነው፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። በ1981 ማንሃተን ውስጥ፣ የመንግሥት ሠራተኞች በሚበዙበት አደባባይ ላይ ሪቻርድ ሴራ «ቲልትድ አርክ» የተባለውን ሥራ አቆመ። 36 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት፣ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው፣ ዘመም ያለ የዛገ ብረት ግድግዳ ነው። አደባባዩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሠራተኞቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ብረቱን መዞር ነበረባቸው። ባለሙያዎች ትልቅ ሥራ ነው አሉ፤ ምናልባትም ነው። በ1985 ሕዝብ የሚናገርበት መድረክ ተከፈተ፤ 122 ሰው ይቆይ፣ 58 ሰው ይነሣ ብሎ ተናገረ። የተሰየመው ፓነል ግን 4 ለ 1 ይነሣ ብሎ ወሰነ፤ በ1989 ተቆራርጦ ተነሣ። ሴራ ሥራው የተሠራው ለዚያ ቦታ ብቻ ስለሆነ ማንሣት ማጥፋት ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ነው ትክክል? እኔ የሚታየኝ ሁሉም የዘገየ መሆኑ ነው። ምሳውን ይዞ ብረቱን የሚዞረው ጸሐፊ የተጠየቀው ብረቱ ከቆመ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ «አልወደውም» ማለት የሌላ ሰው የዕድሜ ሥራ ይፍረስ ማለት ሆነ። ጥያቄው ቀድሞ ቢመጣ አንድ ስብሰባ ነበር፤ ዘግይቶ ሲመጣ የብረት መቁረጫ ጠየቀ።

የቀደመ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ለማየት ዋሽንግተን ያለውን የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ማየት ይቻላል። በ1981 ለውድድሩ 1,421 ንድፍ ገባ። ንድፎቹ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ስምንት ዳኞች ቁጥር 1026ን መረጡ። ፖስታው ሲከፈት ማያ ሊን የምትባል የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጭቅጭቅ መጣ። ጥቁር ግድግዳ የኀፍረት ምልክት ነው ያሉ ነበሩ፤ ለማስማማት ሲባል በ1984 የሦስት ወታደሮች ሐውልት አጠገቡ ቆመ። ግን ማንም «ዘመዱን መረጠ» ሊል አልቻለም። ዳኞቹ ያዩት ሥራውን ብቻ ነው። እንደ ፕሮግራመር ይሄ ልቤን ይነካዋል። ፍትሕን በሰው ልብ ላይ ብቻ አልጣሉትም፤ ስም በመሸፈን አሠራሩ ውስጥ አስገቡት።

አሠራር ሲጣስ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሳን ፍራንሲስኮ ራሷ አሳይታናለች። በ2018 ከተማዋ በአደባባዮቿ ላይ የእውነተኛ ሴቶች መታሰቢያ በጣም ጥቂት መሆኑን አይታ ቁጥሩ እንዲጨምር ደንብ አወጣች፤ በልጅነቷ እዚያው የኖረችው የጸሐፊዋ የማያ አንጀሉ መታሰቢያም በዋናው ቤተ መጻሕፍት አጠገብ እንዲቆም ተወሰነ። ጥሪ ወጣ፣ አርቲስቶች ተወዳደሩ፣ በ2019 ፓነሉ የላቫ ቶማስን ንድፍ መረጠ። ንድፉ የአንጀሉ ፊት የተቀረጸበት ትልቅ የነሐስ መጽሐፍ ነበር። ሐሳቡን ይደግፉ ከነበሩት የምክር ቤት አባላት አንዷ ግን የተለመደውን ዓይነት፣ ሰው የሚመስል ሐውልት እንፈልጋለን አሉ። ሒደቱ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። ቶማስና ሌሎች አርቲስቶች መስፈርቱ ከተወዳደርን በኋላ ተቀየረብን ብለው ጮኹ። በ2020 ኮሚሽኑ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራውም ለቶማስ ተመለሰ። መታሰቢያው በመስከረም 2024 ተመርቆ ቆሟል።

እስቲ ይሄን በደንብ እንየው። የምክር ቤት አባሏ ምርጫ መጥፎ ነበር? የግድ አይደለም። ሰው የሚመስል ሐውልት መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ እናቴ ብትጠየቅ እሷም ያንን ትመርጣለች። ጥፋቱ ጊዜው ላይ ነው። ፍላጎቱ ጥሪው ሲጻፍ ቢነገር መስፈርት ይሆን ነበር፤ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ሲነገር ግን ሥልጣን ሆነ። ይሄን ልዩነት ሶፍትዌር የጻፈ ሁሉ በሥጋው ያውቀዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ «እኔ እንኳ ያሰብኩት ሌላ ነበር» የሚል ደንበኛ ያላጋጠመው ማን አለ?

እዚህ ላይ የራሴን መልስ ልናገር። አደባባይ ላይ ሐውልት የማቆም መብት ከውበቱ አይመጣም፤ ስለ ውበት መቼም አንስማማም። ከባለሙያ ዕውቀት ብቻም አይመጣም፤ ከብዙ ሰው ድምፅ ብቻም አይመጣም። የሚመጣው ሥራውን ጭራሽ የማይወደው ሰው ሦስት ነገር ሊያገኝ ሲችል ነው። መስፈርቱ ቀድሞ የተጻፈ መሆኑን ማየት፣ የወሰኑትን ሰዎች በስም ማወቅ፣ ነገሩ ገና ወረቀት ላይ እያለ «እምቢ» ብሎ መናገርና መደመጥ። ደስ መሰኘትን ለሁሉም ቃል መግባት አይቻልም። መልስ ማግኘትን ግን ይቻላል። ኮድ ስንጽፍ ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም፤ ከገባም በኋላ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው መዝገብ ይይዛል። ይሄ ኮዱን ቆንጆ አያደርገውም፤ ባግም አያጠፋም። ግን ነገር ሲበላሽ ከአየር ጋር አንጣላም።

የሚያስቸግረኝ ተቃውሞ ግን አለ፤ ልደብቀው አልችልም። የቺካጎው ብረትም ሆነ የእኛ አንበሳ በእንደዚህ ያለ ወንፊት ውስጥ ያልፉ ነበር ወይ? ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ብዙ ጊዜ ማንንም የማያስቀይም፣ ስለዚህም ማንም የማያስታውሰው ነገር ነው። ድፍረት ያላቸው ሥራዎች የመጡት ብዙ ጊዜ ከደፋር አሠሪዎች ነው፤ ንጉሥም ይሁን ከንቲባ። እውነት ነው። አንበሳውን ያገኘነው በዕድል ነው። ግን በዚያው በር የገቡ ሌሎችም ነበሩ። በ1976 ዓ.ም የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም ወረደ፤ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሲቆም ያልተጠየቀ ሕዝብ፣ ሲወርድም ሥርዓት ያለው ጥያቄ አልቀረበለትም። ዕድል ጥሩ ነገር ይሰጣል፤ ሲሳሳት ግን የሚጠየቅ ሰው አይሰጥም። ለድፍረት ቦታ መስጠት ከተፈለገ እሱም በደንብ ይቻላል፤ ለምሳሌ አንድ ሥራ ከቆመ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላው ይነሣ የሚል ጥያቄ አይስተናገድም ማለት ይቻላል። የዓይን ልማድ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ማንሣት ከተነሣ አይቀር፣ ኮሚሽን የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከ1894 ጀምሮ በቆመ አንድ መታሰቢያ ላይ፣ መሬት ላይ የወደቀ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ከላዩ ሚሲዮናዊና የከብት እረኛ ቆመውበት የሚያሳይ ክፍል ነበር። የቀደምት ነዋሪዎቹ ልጆች ለአሥርት ዓመታት ተቃወሙ። በመጋቢት 2018 ኮሚሽኑ ይነሣ ብሎ ወሰነ። የይግባኝ ቦርዱ ሻረው። ነገሩ ተመልሶ ታየ፣ ተከራከሩበት፣ በመስከረም 2018 ተነሣ። አሰልቺ ነው፣ ረጅም ነው። ግን የተቃወመም የደገፈም ስሙና ቃሉ መዝገብ ላይ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2020፣ እዚያው ከተማ ያለው የኮሎምበስ ሐውልት ተቃዋሚዎች ሊያወርዱት ነው ሲባል ቀድሞ በጥድፊያ ተነሣ። ያው ከተማ፣ ያው ኮሚሽን። ፍርሃት ሲመጣ 72 ሰዓትም ይረዝማል ማለት ነው። አሠራር በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ይጠብቀናል የሚል ካለ ይሄን ያስታውስ።

ሌላው ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር ጥገና ነው። እዚያው ከተማ በ1971 የተመረቀው የቫያንኩር ፏፏቴ በ2024 ፓምፖቹ ተበላሽተው ውሃው ቆመ። ውሃ የሌለው ፏፏቴ የተከመረ ሲሚንቶ ነው፤ ይፍረስ የሚሉ ወዲያው በዙ። ቀራጺው ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፎ ሥራቸውን ለማዳን ተከራከሩ። እኔ እንደሚገባኝ ብዙ ሥራዎች የሚሞቱት በውሳኔ አይደለም፤ ፓምፕ የሚቀይር በጀት በማጣት ነው። ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላ አምፖል የሚቀይር ግን ማን ነው? ለሥራ የሚመደብ መቶኛ ለጥገና ካልተመደበ፣ ልጅ ወልዶ ወተት እንደ መከልከል ነው።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ እኮ ለሐውልት እንግዳ አይደለችም። የምኒልክ ሐውልት በወራሪው ጣሊያን ተነሥቶ ከድል በኋላ ተመልሷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም ለባቡር መስመር ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው መጥቷል፤ ሲነሣ ስንት ሰው ቆሞ እንዳየው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰው ስለ ሐውልቱ ግድ የለውም የሚል ካለ ያንን ቀን ይጠይቅ። አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሰፍቶ፣ ፏፏቴውም ቅርጻ ቅርጹም በዝቷል። አንዳንዱን እወደዋለሁ፣ አንዳንዱን አልወደውም፤ የእኔ መውደድ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ፣ በወደድኩትም ባልወደድኩትም ፊት ቆሜ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቄ ነው፤ ይሄን ማን ሠራው? ከማን ጋር ተወዳድሮ? ማን መረጠው?

ሠዓሊ ጓደኛ አለኝ። ቀን የሠርግ ዲኮር ይሠራል፣ ማታ የራሱን ይስላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ረጅም አጥር ላይ እንዲስል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተሰጠው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ የሰፈሩ ልጆች ቀለም እያቀበሉት፣ አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት እሳቸውንም እንዲስላቸው እየለመኑት። ሳላቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲመጣ አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ ተቀብቷል። ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ መጀመሪያው መራው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሁሉም በትህትና «እኛን አይመለከትም» አሉት። «ተበላሽቷል ቢሉኝ፣ አስቀያሚ ነው ቢሉኝ እኮ እከራከር ነበር» አለኝ። «የሚከራከረኝ ሰው ነው ያጣሁት።» ሻይ የሚሸጡት እናትም እስካሁን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ምን አጥፍተን ነው?»

ኮሚሽን ይቋቋም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቢሮ በመክፈት ግን እናቶች መልስ ካገኙ ኖሮ እስካሁን መልስ በሞላን ነበር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ቢባልም፣ ሃያ ሰው ተሰብስቦ የአንድን ሰው ሐሳብ የሚያጸድቅበት ኮሚቴም አይተናል። ስለዚህ የምለው ከዚያ ያነሰ፣ ዛሬም ሊጀመር የሚችል ነገር ነው። ሐውልቶቻችን ሥር የእምነበረድ ጽሑፍ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ማን መርቆ እንደከፈተው ነው፤ አንዳንዴ የሠዓሊው ወይም የቀራጺው ስም ከእሱ ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። እዚያ ድንጋይ ላይ ጥቂት መስመር ይጨመር። የሠራው እከሌ። ከእነ እከሌ ጋር ተወዳድሮ። የመረጡት እነ እከሌ። ወጪው ይህን ያህል። የሚጠግነው ይህ ክፍል፣ ስልኩ ይህ።

ድንጋዩ አይበቃ ይሆናል። ችግር የለም፤ ኪውአር ኮድ ይለጠፍበት፣ ገጹን እኔ በነፃ እሠራዋለሁ። የሚከብደው ገጹ አይደለም። የሚከብደው «የመረጡት» በሚለው መስመር ፊት ስሙን ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ማግኘት ነው።